ማየት ማመን ነው ያለው ማን ነበር?

ዛሬ ስለ ሐሰተኛ ቪዲዮ ልናወጋችሁ ነው። “ጣት ቁጠሩ፣ ጥርስ እዩ፣ በቃ!” የሚል ምክር የምትጠብቁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። እሱንም እንነካካዋለን። ነገር ግን ጉዳዩ ታሪክ ያለው ነው፤ ታሪኩም ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ይጀምራል። (የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱን “ዓ.ም.” እያልን በራሳችን አቆጣጠር ነው የጻፍነው። ስትደምሩና ስትቀንሱ እንዳትደናገሩ።)

ከቅርቡ እንነሳ። በ2017 መጨረሻ ገደማ ሬዲት በተባለው ድረ ገጽ ላይ ራሱን “ዲፕፌክስ” ብሎ የሰየመ አንድ ሰው የታዋቂ ተዋናዮችን ፊት በወሲብ ፊልም ላይ ባሉ ሴቶች ገላ ላይ እየገጠመ ማውጣት ጀመረ። የብዕር ስሙ የሥራው መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ “ዲፕፌክ” የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች ፖለቲከኞች እንዳልነበሩ ልብ በሉልን። ሴቶች ነበሩ። ስለ ምርጫና ስለ ጦርነት ስናወራ ይህንን መርሳት ይቀናናል።

በዓመቱ፣ በ2018፣ አሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የአልባኒ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሲዌ ሊዩ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ነገር ልብ አለ። ሐሰተኞቹ ፊቶች ዓይናቸውን አያርገበግቡም! ምክንያቱ ሲነገር የሚያስቅ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት መሥራት የሚማረው ከፎቶግራፍ ክምር ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳውን ፎቶ ደግሞ ማን ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል? እኛም እናንተም እንሰርዘዋለን። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የተጨፈነ ዓይን አይቶ አያውቅም፤ አይቶ የማያውቀውንም አይሠራም። ሕያው ሰው በየጥቂት ሰከንዱ ዓይኑን ያርገበግባል፤ የተሠራው ፊት ግን እንዳፈጠጠ ይቀራል። ግኝቱ በየጋዜጣው ዞረ፤ “ዲፕፌክን መንቂያ ዘዴ ተገኘ” ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሠሪዎቹ ለኮምፒውተራቸው ዓይን የተጨፈነባቸውን ምስሎች አበሉት፤ ፊቶቹም ማርገብገብ ጀመሩ። የዘዴው ዕድሜ ይቺው ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ምልክቶች ሁሉ ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው። ስድስተኛዋ ጣት፣ አንድ ላይ እንደ ነጭ ግድግዳ የተደፈነው ጥርስ፣ በአንዱ ጆሮ ኖሮ ከሌላው የሚጠፋው ጉትቻ፣ ከከንፈሩ የቀደመው ድምፅ… እያንዳንዳቸው ለጥቂት ጊዜ ሠርተዋል፣ አንዳንዶቹ አሁንም አልፎ አልፎ ይሠራሉ። ችግሩ ምልክቱን የሚያነቡት ተመልካቾች ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ ሠሪዎቹም ያነቡታል። ዛሬ የተማራችሁት ምልክት ከዓመት በኋላ ባዶ መተማመን ይሆንባችኋል።

የማያረጀው ታዲያ የቱ ነው? በጋዜጠኝነት ክፍል አራት ዓመት ቁጭ ብለን መጀመሪያ የተማርናት፣ ከዚያም “ይቺማ የሕፃን ነገር ናት” ብለን የናቅናት ነገር አለች፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት የተሠሩትን ሐሰተኛ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ወደ ኋላ ሄደን ስናይ፣ ውሸቱን የምታጋልጠው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዷ ናት። እስቲ አብረን እንሂድ።

1898 ነው። አሜሪካና ስፔን በኩባ ምክንያት ጦርነት ገጥመዋል። ሐምሌ ላይ የአሜሪካ መርከቦች ከሳንቲያጎ ወደብ ወጥቶ ሊያመልጥ የሞከረውን የስፔን የባሕር ኃይል አሳድደው ደመሰሱት። ሲኒማ የተወለደ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ የኒውዮርክ ሕዝብ ደግሞ ጦርነቱን በዓይኑ ማየት ፈልጓል። ቫይታግራፍ የተባለውን የፊልም ኩባንያ ያቋቋሙት ሁለት ወጣቶች፣ አልበርት ስሚዝና ስቱዋርት ብላክተን፣ የባሕሩን ውጊያ የሚያሳይ ፊልም የላቸውም። ስሚዝ በስተርጅናው፣ በ1952 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንዳወጋው፣ መንገድ ላይ ይሸጡ የነበሩ የጦር መርከብ ፎቶግራፎችን ገዙ። መርከቦቹን በመቀስ ቆርጠው አወጡ፣ በትንንሽ እንጨት ላይ አቆሟቸው፣ ሸራ በለበሰ ገንዳ መሳይ ነገር ውስጥ ጣት የማይሞላ ውኃ አድርገው አንሳፈፏቸው። ከኋላቸው ቁንጥር ቁንጥር ባሩድ አስቀመጡ። የጦርነቱስ ጭስ? የብላክተን ሚስት ሲጋራ፣ የቢሮው ተላላኪ ልጅ ደግሞ ሲጋር እያጨሱ ወደ ካሜራው ፊት እፍ አሉት! ሕዝቡም ትያትር ቤቱን ሞላው፣ አጨበጨበ።

ስሚዝ ራሱ ለምን እንደተሳካለት ሲያስረዳ የሚጠቅሰው የዘመኑን ሌንስና ፊልም ድክመት ነው። ምስሉ ጥራት ስለሌለው የወረቀቱ መርከብ ወረቀትነቱ አልታወቀም። ይህን ስታነቡ ምን ትዝ አላችሁ? እኛ ትዝ ያለን ዋትሳፕና ቴሌግራም ላይ አሥር ጊዜ ተላልፎ፣ አሥር ጊዜ ተጨምቆ፣ ጭጋግ የመሰለው ቪዲዮ ነው። ብዥታ ያኔም አሁንም የሐሰተኛ ጓደኛ ነው። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ በዚህ ሁሉ ጥሩ ካሜራ ዘመን ብዥ ብሎ ሲመጣ፣ “ጥርት ያለው ቅጂ የት አለ?” ማለት ተገቢ ነው።

የ1898ቱ ተመልካች ሊነቃ ይችል ነበር? በዓይኑ አይችልም። አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ግን ይችል ነበር፦ ካሜራው የቆመው የት ነው? ውጊያው በኩባ የባሕር ዳርቻ ለሰዓታት የዘለቀ ማሳደድ ነው። ሁለቱንም ወገን ከአንድ ቦታ፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ኳስ ሜዳ ተመልካች ሆኖ የቀረጸው ሰው በየትኛው መርከብ ላይ ነበር?

(ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልየስ ደግሞ በ1902 የእንግሊዙን ንጉሥ የኤድዋርድ ሰባተኛን የዘውድ በዓል በዓሉ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው ፓሪስ አጠገብ በራሱ ስቱዲዮ የቀረጸው! ንጉሡ ታመው በዓሉ ሲራዘም ፊልሙ ተቀምጦ ጠበቃቸው። እሱ ግን በትወና የተሠራ መሆኑን ስላልደበቀ ከአታላዮቹ ጋር አንቆጥረውም።)

ወደ አገራችን እንምጣ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የተወገዱት “ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፣ ሰልመዋል” በሚል ክስ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። በዚያ ዘመን ወሬ ውስጥ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ይነሳል፤ ልጅ ኢያሱ እንደ ሙስሊም መኳንንት ለብሰው፣ ጠምጥመው የሚታዩበት። ፎቶው የተቀናበረ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነተኛ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ልጅ ኢያሱ በሐረርና በምሥራቁ ቆላ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ወዳጅነትና ጋብቻ መፍጠራቸው፣ አብረዋቸው መቀመጣቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ ፎቶው ፍጹም እውነተኛ ነው እንበል። ልብስ ያሳያል። እምነት ያሳያል? አያሳይም። ክሱን የተሸከመው ምስሉ ሳይሆን ከምስሉ ጋር አብሮ የዞረው ቃል ነበር። አሁን በየስልካችን የሚመጣው አብዛኛው ነገር እንደዚህ ነው፤ ቪዲዮው የሆነ ቦታ በእውነት የተቀረጸ ነው፣ ከሥሩ የተጻፈው ግን የሌላ ቦታና የሌላ ዓመት ነገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሌላ አገር ፍርስራሽና የሌላ አገር አስከሬን የእኛ እየተባለ ስንት ጊዜ እንደዞረ እናንተም አይታችኋል። ለዚህ ዲፕፌክ አላስፈለገም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪካችን ደረስን።

በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በፈረንጅ ጥቅምት 18 ቀን 1973፣ የብሪታንያ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸውን ፊልም አሳየ። የፊልሙ ስም “ያልታወቀው ረሃብ” እንደማለት ነው፤ ያልታወቀ የተባለውም በምክንያት ነው። ከዚያ አስቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው ነበር። መንግሥት ግን ነገሩን ሸፍኖ ለማለፍ ነው የሞከረው። የዲምብልቢ ፊልም ሸፋኑን ገለጠው፤ ከዓለም ዙሪያ ገንዘብ ጎረፈ። አገር ቤት ያለው ሰው ግን ፊልሙን ገና አላየውም።

ያየው በዓመቱ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ምሽት። ደርግ ፊልሙን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ ለንጉሡም እንዲመለከቱት ተነገራቸው። ነገር ግን የታየው ፊልም ዲምብልቢ የሠራው እንዳለ አልነበረም። በረሃቡ ምስሎች መሐል ሌሎች ምስሎች ገብተዋል፤ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ ከዚያ ግብዣ። የሞተ ልጇን ያቀፈች እናት፣ ከዚያ ውሻና ሥጋ። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ጠዋት፣ መኮንኖች ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃውን ቃል አነበቡላቸው፤ በቮልስዋገን ጭነውም ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

እዚህ ጋ ረገጥ አድርገን መቆም እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ስለ ሐሰተኛ ቪዲዮ ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ትምህርት በየትኛውም የፈረንጅ መጽሐፍ አላገኘንም። በዚያ ፊልም ውስጥ ሐሰት የሆነው ምስል የቱ ነው? አንድም የለም። ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱ እውነት ነው። ውሾቹም እውነት ናቸው። ዛሬ ያለው የትኛውም የኮምፒውተር መመርመሪያ ያንን ፊልም ቢሰጡት “ንጹሕ ነው” ብሎ ይመልሰዋል። የተፈጠረው አዲስ ነገር ያለው በሁለቱ ምስሎች መጋጠሚያ ላይ ነው፤ መቀሱ በገባበት ቦታ። መጋጠሚያው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ “ይህቺ እናት ስትሞት እኚህ ሰውዬ በዚያችው ሰዓት ውሻ ይመግቡ ነበር።” ይህን ዓረፍተ ነገር ግን ማንም ካሜራ አልቀረጸውም።

“ታዲያ ውሸት ነው ወይ?” ብለን እኛው በእኛው ተከራክረናል፣ አልተስማማንም። አንዳችን “ረሃቡ ተደብቋል፣ ድግሱም አልቀረም፤ ቆራጩ ያለውን ነው ያገናኘው” አለ። ሌላዋ “ፍርድ ቤት ሳይቆም ፍርድ መስጠት ነው” አለች። የዚህ ጽሑፍ አቋም ወደ ሁለተኛው ያደላል። የመንግሥቱ ጥፋት ያለ መቀስም ይታይ ነበር፤ የዲምብልቢ ፊልም ብቻውን በቂ ነበር። ድግሱ የተጨመረው ማስረጃ ጎድሎ አይደለም። ንዴት ተፈልጎ ነው።

የታሪኩ ጅራት ደግሞ ይቆጠቁጣል። አሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በሰልፍና በድግስ ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ እንደገና እየተራቡ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች በዓሉ እስኪያልፍ ወደ ሰሜን እንዳይወጡ ተከለከሉ። ጥቅምት 13 ላይ የኬንያዊው የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ከቆረም የወጣውን ምስል ለዓለም አሳየ። ድግስና ረሃብ በዚህ ጊዜም ጎን ለጎን ነበሩ፣ እንዲያውም በቀናት ልዩነት። ሁለቱን አገናኝቶ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያሳየ ግን አልነበረም። መቀሱ ያለው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ለዚህ ነው “ማን ቀረጸው” ከሚለው እኩል ሊጠየቅ የሚገባው።

መቀስ ዛሬም ከዲፕፌክ ይልቅ ርካሽ ነው። በግንቦት 2019 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ የሰከሩ መስለው የሚናገሩበት ቪዲዮ በፌስቡክ ሚሊዮኖች አዩት። የተሠራው እንዴት መሰላችሁ? ፍጥነቱ ወደ 75 ከመቶ ገደማ ዝቅ ተደረገ፣ ድምፁ እንዳይጎረንን ተስተካከለ። በቃ! ማንኛውም የስልክ መተግበሪያ የሚችለው ነገር። የተነቃበትም መንገድ ቀላል ነበር፤ ያው ንግግር ሙሉው በሌላ ቦታ ስላለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ። ዋናውን ቅጂ መፈለግ ከየትኛውም ጣት ቆጠራ ይበልጣል የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ተቃራኒውን እንይ፤ ለእኛ ከሐሰተኛው ቪዲዮ የበለጠ የሚያስፈራን ይኼኛው ነው።

ጋቦን። ፕሬዚዳንት አሊ ቦንጎ በጥቅምት 2018 ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ታመሙ። ለሳምንታት አልታዩም፤ መንግሥታቸው የሚሰጠው ማብራሪያም የተድበሰበሰ ነበር። “ሞተዋል” ተባለ። ከዚያ ለአዲሱ ዓመት የ2019 መልእክት ሲያስተላልፉ የሚታዩበት ቪዲዮ ወጣ። ፊታቸው ግን እንደ ወትሮው አይደለም፤ ዓይናቸው እምብዛም አይርገበገብም፣ ግማሽ ፊታቸው የተኛ ይመስላል። ምልክት የተማረ ሁሉ ነቃ! “ዲፕፌክ ነው!” የሚለው ወሬ ከተማውን ሞላው። ጥር 7 ቀን ጥቂት ወታደሮች የሬዲዮ ጣቢያውን ያዙ፤ መሪያቸው ባነበበው መግለጫ ያ መልእክት የፕሬዚዳንቱን ችሎታ በተመለከተ የነበረውን ጥርጣሬ እንዳጠናከረ ተናገረ። ሙከራው በሰዓታት ውስጥ ከሸፈ፤ ሰዎች ሞቱ። ቪዲዮው በኋላ በባለሙያዎች ተመረመረ፤ የተቀነባበረ ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘበትም። ሰውየው ስትሮክ መቷቸው ነበር። ያልተርገበገበው ዓይንና የተኛው ፊት የበሽታው ምልክት እንጂ የኮምፒውተር አልነበረም። አሊ ቦንጎ እስከ ነሐሴ 2023 በሥልጣን ቆይተው በሌላ መፈንቅለ መንግሥት ነው የወረዱት።

ሲዌ ሊዩ ያገኘው ምልክት በታመመ ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያመጣ አያችሁ? ሰዎቹ ሞኝ አልነበሩም። መንግሥት እውነቱን ሲደብቅባቸው ቪዲዮውን መጠርጠራቸው ተፈጥሯዊ ነው። የሚያጠፋው ግን “ሐሰተኛ ቪዲዮ አለ” የሚለው ዕውቀት ራሱ ለውሸታሞች መሣሪያ መሆኑ ነው። ሮበርት ቼስኒና ዳንየል ሲትሮን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕግ ምሁራን ለዚህ ነገር ስም አወጡለት፤ በእኛ አፍ “የውሸታም ትርፍ” ልንለው እንችላለን። ወንጀለኛ በቪዲዮ ተይዞ “ይኼማ በኮምፒውተር የተሠራ ነው” ብሎ የሚወጣበት በር።

በዚያው በ2018 ሐምሌ ላይ ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን አቧራማ መንገድ ላይ እየገፉ ወስደው ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። የካሜሩን ወታደሮች ናቸው ተባለ። የካሜሩን የኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሐሰተኛ ዜና ነው አሉ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች ከሌሎች በጎ ፈቃደኛ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ቪዲዮውን ያዙት። ፊት አልመረመሩም። ያዩት ተራራውን ነው። ከበስተኋላ ያለውን የተራራ ጫፍ ቅርጽ በሳተላይት ከሚታየው መሬት ጋር ሲያገጣጥሙ በካሜሩን ሰሜን ጫፍ ዘለቨት የምትባል ከተማ አጠገብ ወደቀላቸው። የት ተመለሰ። መቼስ? በቪዲዮው የሚታይ አንድ ግንብ በሳተላይት ፎቶ ላይ የሚገኘው እስከ የካቲት 2016 ድረስ ብቻ ነው። መንገዷ ላይ ያለችው ቀጭን ዱካ የምትታየው በበጋ ወራት ብቻ ነው። በመጨረሻም ወታደሮቹ ሲራመዱ የሚጥሉት ጥላ እንደ ሰዓት አገለገለ፤ የጥላው ማዕዘን ሲሰላ ግድያው የተፈጸመው ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ማን የሚለውም ተከተለ። መንግሥት ቃሉን ቀይሮ ሰባት ወታደሮች መያዛቸውን አሳወቀ፤ በ2020 ፍርድ ቤት አራቱን በአሥር አሥር ዓመት እስራት ቀጣቸው። አሥር ዓመት ይበቃል ወይ ብትሉን፣ አይበቃም። ነገር ግን ያ የተራራ መስመር ባይኖር እሱም አይኖርም ነበር።

በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ማኅበረ ዴጎ አካባቢ የኢትዮጵያ ሠራዊት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ያልታጠቁ ሰዎችን ሲገድሉና ከገደል ሲጥሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሲወጡ፣ ቢቢሲና ቤሊንግካት ቦታውን ያረጋገጡት በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ በገደሉና በተራራው ቅርጽ። “ቅንብር ነው” የሚለው ድምፅ ያኔም ከፍ ብሎ ተሰምቶ ነበር። እዚህ ላይ የምትደግፉት ወገን ማንም ይሁን፣ ተራራው ወገን የለውም።

የእውነተኛው ዲፕፌክ ጥቃት ደግሞ ሁልጊዜ አይሳካም። መጋቢት 16 ቀን 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ለወታደሮቻቸው “መሣሪያ አስቀምጡ” ሲሉ የሚታይበት ቪዲዮ ተለቀቀ፤ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ድረ ገጽም ተሰብሮ ተለጠፈበት። ጭንቅላቱ ለገላው ተለቅ ብሏል፣ ድምፁም ጎርንኗል። ቶሎ የከሸፈው ግን በሥራው ድክመት ብቻ አይደለም። የዩክሬን ባለሥልጣናት ገና ከሁለት ሳምንት በፊት “እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሊመጣ ይችላል” ብለው ሕዝቡን አስጠንቅቀው ነበር፤ ሰውየውም በደቂቃዎች ውስጥ በራሳቸው ስልክ ተቀርጸው “ውሸት ነው” አሉ። ጋቦን ላይ የጠፋው ይኼ ነው፤ ሕዝቡ የሚያምነው ሌላ ምንጭ።

በ2024 መጀመሪያ የተሰማው የሆንግ ኮንግ ጉዳይ ግን የከፋ ነው። የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ የገንዘብ ኃላፊውንና የሥራ ባልደረቦቹን አየ፣ ሰማ፣ ታዘዘም፤ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር (25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ) በአሥራ አምስት ጊዜ አስተላለፈ። ከእሱ በቀር ስብሰባው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ የተሠራ ነበር። በዚህ ደረጃ ላይ ጥርስና ጉትቻ ምን ይሠራል? የሚያድነው ስልክ አንስቶ በሚያውቁት ቁጥር “አንተ ነህ ያልከኝ?” ማለት ብቻ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በቪዲዮ ደውሎ ቸኩሎ ብር ሲጠይቃችሁም መላው ይኼው ነው፤ ዘግታችሁ በድሮው ቁጥሩ ደውሉ።

እንግዲህ እኛ አንድ የሚያንገበግብ ቪዲዮ ሲደርሰን የምናደርገውን ልንገራችሁ፤ ሥነ ሥርዓት ያለው ነገር አይደለም። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተን እናየዋለን፣ ቀጥሎ ምስሉን ሸፍነን እንሰማዋለን፤ ሙዚቃና ጩኸት ሲነሳ ምን ያህሉ ንዴታችን አብሮ እንደሚነሳ ትገረማላችሁ። ከቪዲዮው ሁለት ሦስት ቦታ ፎቶ አንስተን ጎግል ምስል መፈለጊያ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ያው ቪዲዮ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ስም ወጥቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይያዛል። ፊቱን ትተን ዳር ዳሩን እናያለን፤ የሱቅ ጽሑፍ፣ የታክሲ ቀለም፣ የመኪና ታርጋ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ጥላው የወደቀበት አቅጣጫ። የተሠራ ቪዲዮ ከሆነም የሚደናቀፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ዳር ላይ ነው፤ በተለይ ፊደላችን ለኮምፒውተር ሠሪዎቹ እስካሁን ሲያስቸግራቸው ስለምናይ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያለውን አማርኛ ለማንበብ ሞክሩ። (ይቺም ምልክት ታረጃለች፤ አልደበቅናችሁም።) የተቆረጠ ከመሰለን ከፊቱና ከኋላው ያለውን እንፈልጋለን።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ቪዲዮውን የላከላችሁን ሰው “አንተስ ከማን አገኘኸው?” በሉት። እሱ የሰጠውን ስም ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ያኛውንም እንዲሁ። እኛ ስንሞክረው ከሦስተኛው ሰው አልፈን አናውቅም፤ “ኧረ አንድ ግሩፕ ላይ ነው ያየሁት” ይለናል፣ የግሩፑን ስም ስንጠይቀው ደግሞ አያስታውሰውም።